የግቢው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ይሁን እንጂ ተረቱ የሚናገረው እሳትን ገና በትንሹ ስለ ማጥፋት ነው፤ ማጥፋቱ ሲያቅት ስለ መውጣት አንዳች አይልም። በየሰፈሩም የሚመከረው እንዲሁ ስለ ማጥፋቱ ብቻ ነው።

ሸጎሌን የሚያውቅ ሁሉ የአከራይ ግቢ ምን እንደሚመስል ያውቃል። አንድ የቆርቆሮ በር አለ። ከበሩ ወዲያ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱም አንድ ቤተ ሰብ፥ ወይም ሦስት አራት ሠራተኞችና ተማሪዎች ያድራሉ። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ሽቦው ከአንድ ቆጣሪ ተነሥቶ ክፍሉን ሁሉ ያዳርሳል፤ መስኮቱም ስለ ሌባ በብረት ታጥሯል። ሲመሽ በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ከአከራዩ ትራስ ሥር ይገባል። እንግዲህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እሳት ቢነሣ ያ ሁሉ ሰው በየት ይወጣል?

የሚገድለው ነበልባሉ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጢሱ ይቀድማል። በተለይ የስፖንጅ ፍራሽ ሲነድ የሚወጣው ጢስ መርዝ ስለ ሆነ፥ የተኛውን ሳይነቃ ያስቀረዋል፤ የነቃውም ቁልፍ የሚፈልግበት ጊዜ የለውም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶው ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ መኪናዎችን ማስቸገሩ ይታወሳል። በሸጎሌም የውስጥ መንገድ 939 ደውሎ በቤት ውስጥ መጠበቅ ራስን መደለል ነው። መደወሉ አይቅር፤ ግን ከወጡ በኋላ ይሁን።

«ይህ የድህነት ጣጣ ነው፤ ቤቱ ካልተለወጠ ምን ይደረጋል?» የሚሉ አይጠፉም። ለንደን ድኻ ከተማ አይደለችም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ግሬንፌል በተባለው ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ በተነሣው እሳት 72 ሰዎች ሞቱ። ደረጃው አንድ ብቻ ነበር፤ ነዋሪዎቹም በየቤታቸው እንዲቆዩ ተነግሯቸው ነበር። የሕንፃው ቁመት መውጫን አይተካም ማለት ነው።

ሌሎች ደግሞ «ቁልፉ ከተበተነ እንዘረፋለን» ይላሉ። ሥጋታቸውን አንንቀውም። እኛም ቁልፉ ይበተን አላልንም። ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይገጠም፤ ይህ ባይሆን አንድ ቁልፍ ከውጭ እጅ በማይደርስበት፥ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ይሰቀል። በየክፍሉም ከአንዱ መስኮት ላይ ብረቱ ከውስጥ እንዲከፈት ሆኖ ይሠራ።

ከዚያ በኋላ አከራይም ተከራይም በአንድነት ይምከሩ። ሕፃኑን ማን ያወጣል? አሮጊቷን ማን ይደግፋል? ሁሉም ከበር ውጭ በየትኛው ቦታ ተገናኝቶ ይቆጠራል? ምክሩም በቃል አይቅር። አንድ ምሽት መብራቱን አጥፍተው፥ ጢስ ወደ ላይ ስለሚወጣ በጉልበታቸው እየዳሁ፥ የወጡበትን በር ከኋላቸው እየዘጉ ይለማመዱ። የወጣ ሰው ለንብረት ብሎ እንዳይመለስም ቃል ይግቡ።

ችግሩ ይህን ማን ይጀምረው ነው። ተከራይ ቤት ልቀቅ እንዳይባል ፈርቶ ቁልፍ አይጠይቅም። አከራይም ካልተጠየቀ አይሰጥም። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ተከራይ ልመና ሳይሆን የዕድሩ ውሳኔ መሆን አለበት። ሐሳቡን ለዕድሩ ዳኛ ማቅረብም፥ ማንበብና መጻፍ ለተማርን ለእኛ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ዕድራችን ሰው ሲሞት በጡሩምባ ይጠራናል። ሰው ሳይሞትስ ስለ ምን አይጠራንም? አስቀድሞ አስታውቆ፥ በዓመት ሁለት ጊዜ ያንኑ ጡሩምባ ነፍቶ የሸጎሌን ሰው ከየቤቱ ቢያስወጣው፥ የትኛው በር እንደማይከፈት በዚያው ምሽት ይታወቅ ነበር።