ደቡብ ሱዳን፦ የተበታተኑ ሕፃናትን መዝገብ ማን ይጋራ? ማንስ ይጠብቀው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 2013 ጁባ ውስጥ የተቀሰቀሰው ጦርነት በቀናት ውስጥ ወደ ቦር፣ ቤንቲዩ እና ማላካል ተዛመተ። በሽሽቱ መካከል በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተለያዩ። እናት በአንድ መጠለያ፣ ልጅ በሌላው ቀረ፤ ድንበር ተሻግሮ ጋምቤላ ወይም ሰሜን ኡጋንዳ የደረሰም ብዙ ነው።

ከአምስት ዓመታት በኋላ፣ በየካቲት 2019፣ ዩኒሴፍ እና ሴቭ ዘ ችልድረን ከቤተሰቦቻቸው ጋር ዳግም የተገናኙ ሕፃናት ቁጥር 6,000 መድረሱን አስታወቁ። በወቅቱ ግን ወደ 8,000 የሚጠጉ ሌሎች ሕፃናት ገና ቤተሰባቸውን አላገኙም ነበር።

ለዚህ መዘግየት የፀጥታ መደፍረስ፣ በክረምት የሚቋረጡ መንገዶች እና የገንዘብ እጥረት በምክንያትነት ይነሳሉ። እምብዛም ያልተነገረለት ሌላ ምክንያትም አለ፤ ስለ አንድ ሕፃን የተጻፉ መዝገቦች ሁልጊዜ አይገናኙም።

አንድ ሕፃን፣ ብዙ መዝገብ

ብቻውን የተገኘ ሕፃን በብዙ እጆች ያልፋል። የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ፣ ክሊኒክ፣ ምግብ አዳይ ድርጅት እና ትምህርት ቤት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቅጽ ይመዘግቡታል። ድንበር ከተሻገረ ደግሞ የስደተኞች ምዝገባ ይጨመራል።

ስሙ ራሱ ፈተና ነው። እንደ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ብዙ ደቡብ ሱዳናውያን የሚጠሩት በራሳቸው፣ በአባታቸው እና በአያታቸው ስም ነው። የኑዌር ወይም የዲንቃ ስም በመዝጋቢው ጆሮ እንደተሰማው ሲጻፍ፣ ያው ስም በሁለት ቅጾች ላይ ሁለት መልክ ሊይዝ ይችላል። የትውልድ ቀኑን የማያውቅ ሕፃን ዕድሜም በግምት ይሞላል። እንዲህ ያሉ መዝገቦች ካልተመሳከሩ፣ ፈላጊዋ እናት በአንዱ፣ ተፈላጊው ልጅ በሌላው ሰፍረው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ፣ ዩኒሴፍ፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እና ሌሎች ሦስት ድርጅቶች ከወላጆቻቸው ስለተነጠሉ ሕፃናት በ2004 የጋራ መርሆዎች አውጥተዋል። ኋላም የረድኤት ድርጅቶች በጋራ የሚጠቀሙበት የሕፃናት ጥበቃ መረጃ ሥርዓት ተዘርግቶ ደቡብ ሱዳን ውስጥም ሥራ ላይ ውሏል።

የጋምቤላው ጥቃት ያሳየው

የመረጃ ልውውጥ በአንድ አገር ድንበር እንደማይገታ ኢትዮጵያም ታውቃለች። ሚያዝያ 15/2016 ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ ክልል ከ200 በላይ ሰዎችን ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን ወሰዱ። በቀጣዮቹ ወራት የተወሰኑት ተመልሰዋል።

አባቱንም ሆነ መንደሩን መናገር የማይችል ጨቅላ ሲገኝ ማንነቱን ማረጋገጥ የሚቻለው፣ ልጆች የተወሰዱባቸው ቤተሰቦች ዝርዝር እና የተገኙት ሕፃናት ዝርዝር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። አንዱ ጋምቤላ፣ ሌላው ጁባ ወይም ፒቦር ተነጥሎ ከቀረ ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

ሊጎዳ የሚችል መረጃ

ሆኖም መዝገቡ የሚጠቅመውን ያህል ሊጎዳም ይችላል። በ2015 ፒቦር አካባቢ የኮብራ ቡድን ከ1,700 በላይ ሕፃናትን ከታጣቂዎቹ መካከል አሰናብቷል። የእንዲህ ዓይነት ሕፃን ስም፣ ብሔር እና ያለበት ቦታ በታጣቂዎች እጅ ቢገባ ለዳግም ምልመላ ወይም ለበቀል ሊያጋልጠው ይችላል። የፆታ ጥቃት የደረሰባት ልጅ ታሪክም ከተገቢው ሰው እጅ ከወጣ ዕድሜ ልክ ሊከተላት ይችላል።

ሥጋቱ ከሌላው ዓለምም ማሳያ አለው። በባንግላዴሽ ከሮሂንጋ ስደተኞች የተሰበሰበ የግል መረጃ ለሸሿት ምያንማር መተላለፉን ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2021 አጋልጧል።

ስለዚህ ጥያቄው መረጃ ይጋራ ወይስ አይጋራ የሚል ሊሆን አይገባም። ቤተሰብ ለመፈለግ ስም፣ የወላጅ ስም፣ የትውልድ ስፍራ እና ፎቶግራፍ ሊበቁ ይችላሉ። ልጁ ከማን ጋር እንደተዋጋ ወይም ምን እንደደረሰበት ማወቅ የሚያስፈልገው ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ ብቻ ነው።

የመንግሥት ድርሻ

ደቡብ ሱዳን ከነፃነቷ ሦስት ዓመት ቀድሞ የወጣው የ2008 የሕፃናት ሕግ የልደት ምዝገባን የሕፃኑ መብት አድርጎታል። በ2018 ደግሞ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕግ ወጥቷል። ሆኖም በ2010 የተደረገ የቤተሰብ ጥናት እንዳመለከተው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የተመዘገቡት ከመቶ 35 ገደማ ብቻ ነበሩ። ሲወለድ ያልተመዘገበ ልጅ በሽሽት ላይ ሲጠፋ የሚመሳከርበት መነሻ ሰነድ የለውም።

ክፍተቱን እስካሁን በአብዛኛው የሸፈኑት በለጋሾች ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ድርጅቶች ናቸው። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ግን ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ደቡብ ሱዳን ገብተዋል፤ በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፍ እርዳታ በእጅጉ ተቀንሷል።

አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ተሽከርካሪውና የቢሮ ዕቃው ርክክብ ይደረግበታል። የሕፃናቱ መዝገብ ርክክብ ግን ከዚህ የከበደ ነው። ተረካቢው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወስን ደንብ እና ከፖለቲካ ጫና የሚከላከል ሕግ ያሻዋል። እነዚህ ሳይሟሉ መዝገቡ ቢተላለፍ ሕፃናቱን ያጋልጣል፤ ተቆልፎ ቢቀር ደግሞ ልጇን የምትፈልግ እናት ዳግም ከዜሮ ትጀምራለች።