«ይህ አማራጭ ማብራሪያ የለውም»

ጂሲሲ የሚባለው ነፃ ኮምፓይለር በሆዱ የያዘው አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አለ። ከአማራጮቹ አንዱ ምን እንደሚሠራ ሳይጻፍለት ከቀረ፣ በእርዳታ ዝርዝሩ ላይ በቦታው ይኸው ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ «ይህ አማራጭ ማብራሪያ የለውም» ይላል። ማሽኑ ጉድለቱን በአደባባይ ይናገራል። ሰው ግን «ኮዱ ይሥራ እንጂ ጽሑፉ ይደርሳል» ይልና ያልፋል። ጽሑፉም አይደርስም።

ጉዳዩ የኮምፒውተር ሰዎች የጓዳ ወሬ የሚመስለው ካለ፣ ትንሽ ይታገስ። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚቀይር መሣሪያ ነው። ጂሲሲን ሪቻርድ ስቶልማን በ1987 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ለቀቀው። ዛሬ ሊነክስ በሚሠራባቸው ብዙ ቦታዎች ከጀርባ አለ። ይህ መሣሪያ በጥቁሩ መስኮት ላይ ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማራጮች አሉት። አንዷ ቃል ፕሮግራሙን ታፈጥናለች፣ ሌላዋ ስህተት ታሳያለች፣ ሌላዋ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚያወጣውን መልስ ራሱን ልትለውጥ ትችላለች። የትኛዋ ምን እንደምታደርግ የሚነግረው ማብራሪያው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባሮ ወንዝ ዳርቻ እንምጣ። እንበል፣ ጋምቤላ ላይ አንድ ባለሙያ የወንዙን ከፍታ ከመለኪያ እየተቀበለ አማካዩን የሚያሰላና ከአደጋ መስመር ሲያልፍ የሚያስጠነቅቅ ፕሮግራም ጻፈ። መለኪያው አንዳንዴ ይቋረጣል። ንባብ ያልደረሰበት ሰዓት «ናን» ማለትም «ቁጥር አይደለም» በሚለው ምልክት ይመዘገባል፤ ፕሮግራሙም ከመደመሩ በፊት ይህን ምልክት እየለየ ይዘለዋል። ሥራው ንጹሕ ነው። አንድ ቀን ጓደኛው «ኦ-ፋስት የምትባለዋን ጨምርባት፣ ትፈጥናለች» አለው። ጨመረ። ፈጠነችም።

ኦ-ፋስት ግን ብቻዋን አትመጣም። ፋስት-ማዝ የሚባለውን አማራጭ ታስከትላለች። እሱም በተራው ኮምፓይለሩ «ቁጥር ያልሆነ ነገር በዚህ ፕሮግራም ውስጥ አይመጣም» ብሎ እንዲነሣ ይፈቅድለታል። የማይመጣን ነገር መፈተሽ ደግሞ ለኮምፓይለሩ ትርፍ ሥራ ነውና ማጣሪያውን ሊያጠፋው ይችላል። ቀይ መስመር አይወጣም፣ የስህተት መልእክት አይታይም። አማካዩ ይበከላል፤ የተበከለ ቁጥር ከአደጋው መስመር ጋር ሲወዳደር «አላለፈም» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ክረምት ላይ ባሮ ሞልቶ ሲወጣ በኢታንግ፣ በላሬ፣ በጂካዎ ውሃ ቤት ድረስ እንደሚገባ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። በዚያ ሰዓት ዝም ያለ ማስጠንቀቂያ የሰውና የከብት ሕይወት ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ይህ ተጽፏል? አዎ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አንባቢው መጀመሪያ ኦ-ፋስትን ያገኛል። እሷ ወደ ፋስት-ማዝ ትልከዋለች፤ ፋስት-ማዝ ደግሞ ወደ ሌሎች አማራጮች ዝርዝር። አደጋው የተቀመጠው ከሦስተኛው በር ጀርባ ነው። እዚያ ድረስ የሚሄደው አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው፤ የማያውቀው አንደኛው በር ላይ «ያፈጥናል» የሚለውን አይቶ ይመለሳል። ለሚያውቅ ብቻ የተጻፈ ማብራሪያ ደግሞ ከአለመጻፍ እምብዛም አይሻልም።

ስሙ ራሱ የሚያሳስት አማራጭም አለ። ዳብሊው-ኦል የምትባለዋ ስሟ «ሁሉንም ማስጠንቀቂያ» ይላል። ሁሉንም አታበራም፤ ብዙዎቹ የሚበሩት ዳብሊው-ኤክስትራና ሌሎች ሲጨመሩ ነው። በስሟ ያመነ ተማሪ «ሁሉንም ፈትሻለሁ» ብሎ ይተኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የተለመደ መልስ «ኢንተርኔት ላይ ይፈልገው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ኔትወርክ የማይቆራረጥባቸው ሰዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ተማሪ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚመጣው ማብራሪያ መምህርም ቤተ መጻሕፍትም ነው። እሱንም ቢሆን የነፃነት ክርክር ነጥቆታል። የጂሲሲ መመሪያ መጽሐፍ የወጣበት ፈቃድ አንዳንድ ክፍሎቹ እንዳይነኩ ይከለክላል። የዴቢያን ሊነክስ ማኅበረሰብ በ2006 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥቶ፣ የማይነካ ክፍል ያለው መጽሐፍ ነፃ አይባልም ሲል ወሰነ። ስለዚህ ዴቢያን ላይ ኮምፓይለሩ ከነፃው ክፍል ይጫናል፤ መጽሐፉ ግን «ነፃ ያልሆነ» ከተባለው ክፍል ለብቻው ተፈልጎ መምጣት አለበት። ሁለቱም ወገን ስለ ነፃነት ተሟገተ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ እንዲሉ፣ መጽሐፍ የሌለው መሣሪያ የደረሰው ለሩቁ ተማሪ ነው።

ሁለተኛው መልስ «እንግሊዝኛ ያልቻለ ፕሮግራመር አይሁን» ነው። የጂሲሲ መልእክቶችና አጫጭር የእርዳታ መግለጫዎች ወደ ስዊድንኛ፣ ቱርክኛ፣ ዩክሬንኛና ቬትናምኛ ተተርጉመዋል። የስዊድን ፕሮግራመር እንግሊዝኛ ስላነሰው ነው? አይደለም። በራሱ ቋንቋ ማንበብን እንደ መብት ስለቆጠረው ነው። አማርኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ፊደል አልነበረንም እንዳይባል፣ የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ገብቷል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ጂሲሲ 10 ደግሞ በሲ ፕሮግራም ውስጥ የተለዋዋጭን ስም በግዕዝ ፊደል እንዳለ መጻፍ ይቻላል። መሣሪያው ፊደሉን ተቀብሏል፤ ባለፊደሉ ግን አንድም መስመር አልጻፈበትም።

ሦስተኛው «አሁንማ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይመልሳል» የሚል ነው። ይመልሳል። የሚመልሰው ግን ሰው ጽፎ ካስቀመጠው ነው። ያልተጻፈውን ሲጠየቅ ደግሞ በሙሉ ልብ ይፈጥራል። ስሪት ሲለዋወጥም ይምታታል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂሲሲ 14 ቀድሞ በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፋቸው የነበሩትን፣ ሳይታወጁ የሚጠሩ ፈንክሽኖችን፣ ስህተት ብሎ ማቆም ጀመረ። በአሮጌ የማስተማሪያ ወረቀት የሚሠራ ተማሪ ትናንት የሠራው ኮድ ዛሬ እንቢ ሲለው ራሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን፣ ፐርሚሲቭ የሚባል አማራጭ ለጊዜው እንደሚያሳልፈው፣ ትክክለኛው መፍትሔ ግን ፈንክሽኑን ማወጅ መሆኑን የሚነግሩት ሁለት መስመሮች ይበቁት ነበር።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም የከበደው ነው፤ የሚመጣውም ከራሱ ከጋምቤላ ነው። «ለምን አማርኛ? የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግ ልጅስ?» ጥያቄው ትክክል ነው። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ መሆኑ ለመነሻ ይረዳል እንጂ ሌላውን ለመዝጋት ምክንያት አይሆንም። የትርጉም አሠራሩም ለዚህ ይመቻል፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ፋይል አለው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም። በአማርኛ አንዴ በቀላሉ የተብራራ አሳብ ለኑዌርኛ ተርጓሚ ግማሽ መንገድ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ጀምሯል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ቁጥር የሚቆጠረው በሰርተፊኬት ነው፤ ዕውቀት የሚለካው ግን ሰውዬው ብቻውን መሣሪያው ፊት ሲቀመጥ ነው። ያኔ አጠገቡ የሚነበብ ነገር ከሌለ፣ ከሌላ ሰው የገለበጠውን ትእዛዝ ትርጉሙን ሳያውቅ እንደ ድግምት ይደግማል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎቹ ለተመራቂ ተማሪ የመጨረሻ ፕሮጀክት ሲሰጡ፣ በየዓመቱ ከሚደጋገመው የመዝገብ ሲስተም ይልቅ ሠላሳ አማራጮችን በራሱ እጅ ሞክሮ ምን እንደሚያደርጉ፣ መቼ እንደሚጎዱ፣ ከየትኛው ጋር እንደማይስማሙ እንዲጽፍ ያድርጉ። በኮድ እኩል ውጤት ይስጡበት። የእንግሊዝኛው ማብራሪያ የጎደለበትን ቦታ ያገኘ ተማሪ ማረሚያውን ለጂሲሲ ይላክ፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅጂ መብትን ለድርጅት አሳልፎ መፈረም ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። የማብራሪያ ማረሚያ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው፤ በደካማ ኔትወርክም በኢሜይል ይሄዳል።

ጋምቤላ የወደብ ከተማ ነበረች። በ1902 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ውል የንግድ ጣቢያ ከሆነች በኋላ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ከሱዳን እየመጣ ዕቃ ያራግፍ፣ ቡና ይጭን ነበር። ከወንዙ ዳር ያለ ሰው መቀበል ብቻ ሳይሆን መላክም ያውቅ ነበር ማለት ነው። የዛሬው ጭነት ሶፍትዌር ነው፤ እየተራገፈ ነው። ከዚህ የሚጫነው ግን ገና አልተጻፈም።