ትምህርቱ ነበረ፤ እኔ ግን አላገኘሁትም



ጅዳ በገባሁ በስድስተኛው ወር ነው። ሽንት ቤቱ ቶሎ ይነጣልኛል ብዬ በረኪናውንና የሽንት ቤት ማጽጃውን አንድ ላይ ደፋኋቸው። ወዲያው ዓይኔ ተቃጠለ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። እንደምንም በሩን ከፍቼ ወጣሁ። እዛው ብወድቅ ኖሮ ማን ይሰማኝ ነበር? በረኪና አሲድ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ እንደሚወጣው አላውቅም ነበር።

ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን የደረሰብኝን ስናገር መካ ያለች እህት «እኔ እኮ ስለዚህ ነገር ከብዙ ጊዜ በፊት በቮይስ ተናግሬያለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ግሩፑን የተቀላቀልኩት ከሱ በኋላ ነው። በላዩ ላይ ስንት «እንኳን አደረሳችሁ»፣ ስንት ቪዲዮ ተከምሮበታል። ቮይስ ደግሞ በቃል ሰርች ተደርጎ አይገኝም።

እህቶቼ፣ የሚያስተምር አላጣንም። ያጣነው የተማርነውን የምናስቀምጥበት መደርደሪያ ነው። ማታ ግማሽ ሰዓት ብቻ ስልክ የምትይዝ ልጅ የሦስት ወር ወሬ እየገለበጠች ልትፈልግ አትችልም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ታግ። #ጽዳት ብለሽ ከጻፍሽ፣ ሌላዋ እሱን ስትነካ በግሩፑ ውስጥ በዚያ ቃል የተጻፈው ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣላታል። ቮይስ ከሆነ ሪፕላይ አድርጊና ታጉን ከስሩ ጻፊ፣ በቃ።

«ሀሽታግ የቲክቶከሮች ነገር ነው» የምትሉ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 እዚህ ሳዑዲ ወገኖቻችን ሲሳደዱ፣ በየአገሩ የተበተነው ሐበሻ «አንድ ሰው ለሳዑዲ አረቢያ ይንገራት» የሚል ትርጉም ባለው የእንግሊዝኛ ሀሽታግ ነበር ድምፁን ያሰባሰበው። ለጩኸት ከሰበሰበን ለትምህርት አይሰበስበንም?

ግን ስምምነት ይፈልጋል። አንዷ #ሐኪም፣ ሌላዋ #ሀኪም ብትጽፍ ለእኛ አንድ ነው፤ ለስልኩ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። #ደመወዝ እና #ደሞዝም እንደዚሁ። በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ከተውሽ ታጉ እዚያው ይቆረጣል፤ #የጅዳ_አረብኛ ብለሽ በሰረዝ አያይዢው። ስለዚህ አድሚኖች፣ ስድስት ሰባት ቃል መርጣችሁ ከላይ ፒን አድርጉልን።

«የጅዳ» ያልኩት በምክንያት ነው። ሪያድ ያለችው እህታችን «አሁን» ለማለት «አልሒን» ብላ ታስተምራለች፤ ጅዳና መካ ግን «ደሒን» ነው የሚባለው። «የት» እዚያ «ወይን» ነው፣ እዚህ «ፊን»። አዲስ የመጣች ልጅ ሁለቱን ስትደባልቅ ማዳም ትጮህባታለች።

ሕግ ላይ ደግሞ ዓመተ ምሕረት ጨምሩ፣ #ሕግ_2024 እንደማለት። የ2013ቱ የቤት ሠራተኞች ደንብ ተቀይሮ፣ አዲሱ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሥራ በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት እንዲኖር ይላል። በየቤቱ ይከበራል ማለቴ አይደለም፤ ታውቁታላችሁ። ግን አሮጌውን መረጃ ይዛ የምትከራከር ልጅ ገና ከመጀመሪያው ተሸነፈች።

አንድ ነገር አደራ። ታግ የምናደርገው ትምህርቱን እንጂ ቤቱን አይደለም። የአሠሪ ስም፣ የልጆቻቸው ፎቶ፣ የሳሎኑ ቪዲዮ አይለጠፍ። የ2007ቱ የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን ግላዊ ሕይወት የነካን እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል ይቀጣል። የራሳችሁንም አድራሻ አትጻፉ፤ ግሩፕ ውስጥ የሚገባው ሁሉ እህት አይደለም። ነፍስ ጭንቅ ውስጥ ከሆነች ደግሞ ታግ አትጠብቁ፤ ጅዳም መካም 911 ነው የሚደወለው።

እኔ ዛሬ የመካዋን እህት ቮይስ ፈልጌ አግኝቼ ከስሩ #ጽዳት ብዬ ጽፌበታለሁ። ነገ ከቦሌ ተነስታ የምትመጣዋ ልጅ እኔ የዋጥኩትን ጢስ እንዳትውጥ ነው። እናንተስ፣ ምን አሳልፋችሁ ምን ተማራችሁ? አንድ ነገር ጻፉ፣ ታጉን አትርሱ።