ከቀለሙ በታች ያለው ዝገት



ከወልድያ ወደ ቆቦ በጎብዬ በኩል የሚመላለስ መኪና በበጋ ትቢያ፣ በክረምት ጭቃ ይሸከማል። ጭቃው ከኋለኛው ጎማ በላይ በፓራፋንጎው ውስጥ ተሰግስጎ እርጥበት ስለሚይዝ፣ ብረቱ ከውኃና ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይዝጋል። ብዙ ጊዜ ዝገቱ የሚነሣው ከውስጥ ነውና፣ ቀለሙ ሲያብጥ ነገሩ ቆይቷል ማለት ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ያበጠውን በስቱኮ ደፍኜ ቀለም ቀባሁበት። መኪናውን ልሸጥ ስል ልጄ፦ «አባባ፣ ከቀለሙ በታች ያለውን ለገዢው ይነግሩታል?» ብሎ ጠየቀኝ። አፈርሁ፤ ሥራውንም እንደገና ጀመርሁት።

በቤቱ የሚጠግን ሰው አስቀድሞ ጭቃውን አጥቦ ያድርቅ። ዓይኑንና አፍንጫውን ከልሎ፣ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ። ሳይውል ሳያድር አንቲሩጂን ይቀባ፤ ጎድጓዳ ቢኖር ስቱኮውን በስሱ ያድርግ፤ ቀለሙን በመጨረሻ ይቀባ። ከታች ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ከቶ አይድፈን። ላሜራው ተበስቶ እንደ ሆነ ግን የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ይበየድበታል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ በብዙ መኪና የነዳጁ ሰልባትዮ በዚያው አጠገብ ስለሚገኝ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ቤተ ሰብ ታጠፋለች።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ዝገት የማያበላሸውን መዝገብ እንድንሻ አስተምሮናል። በንስሐ ሳይፋቅ የተሸፈነ በደልም እንዲሁ ከውስጥ ይበላልና፣ ልጆቻችን ሳይጠይቁን እኛው እንግለጠው።