ሳይቃጠል በቅጠል

የቤታችን ዐምድ



ዛሬ ስለ ቤታችን መብራት እንነጋገራለን። መብራት ስንል አምፖሉን ብቻ ማለታችን አይደለም። ከቆጣሪው ተነሥቶ በግድግዳና በጣሪያ ሥር የሚሄደውን ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ሶኬቱንና ስፒናውን ሁሉ ማለታችን ነው።

መብራት ጥሩ አገልጋይ ነው። ማታ ልጆች ያጠኑበታል። ስልክ ይሞላል። እንጀራ ያለ ጭስ ይጋገራል። ነገር ግን ሽቦው የተበላሸ እንደሆነ፣ ይኸው አገልጋይ ቤት ያቃጥላል፤ ሰውም ይገድላል።

ደግነቱ፣ የተበላሸ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ያሳያል። እኛ የምዕራብ ዓባያ ሰዎች ወባን እናውቃታለን። ሰውን አልጋ ላይ ከመጣሏ በፊት ብርድ ብርድ ታሰኛለች፤ ራስ ታሳምማለች። ምልክቱን ያወቀ ሰው ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የመብራት ሕመምም እንደዚሁ ነው። ምልክቱን ቶሎ ያየ ቤቱን ያድናል።

ሽቦ እንደ ቦይ ነው

ሙዛችንን የምናጠጣበትን ቦይ እናስብ። በጠባብ ቦይ ብዙ ውኃ ብንለቅበት ምን ይሆናል? ቦዩ ይሰበራል፤ ውኃውም ማሳውን ያበላሻል። ሽቦም እንዲሁ ነው። በቀጭን ሽቦ ብዙ ኃይል ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል። ሲሞቅ ልባሱ ላስቲክ ይቀልጣል። ልባሱ ሲቀልጥ ሽቦና ሽቦ ይነካካል፤ እሳትም ይነሣል።

አሁን ማንበብና ማስላት ስለምንችል፣ ይህን በቁጥር እንየው። ወደ ቤታችን የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ይወስዳል እንበል። 3500ን ለ220 ስናካፍል 16 ገደማ ይመጣል። ይህ 16 አምፔር ይባላል። አምፔር ማለት በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር ነው።

አሁን የስፒናውን ጀርባ እናንብብ። 16 የሚል ቁጥር ካለበት፣ ምጣዱ ብቻውን የስፒናውን አቅም ጨርሶታል ማለት ነው። 10 የሚል ከሆነ ግን ስፒናው ለምጣድ አይሆንም። ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ምጣድ የ350 አምፖል ያህል ይበላል። እንግዲህ ለአምፖል የተዘረጋ ሽቦ ምጣድን እንዴት ይችላል?

በሽቦው ልባስ ላይም ቁጥር አለ። በተለምዶ ለአምፖል 1.5፣ ለሶኬት 2.5 የሚል ሽቦ ይዘረጋል። ለምጣድ ግን ከቆጣሪው በኩል ለብቻው የተሳበ፣ 4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሽቦ ያስፈልጋል። ሽቦ ስንገዛ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንም እንጠይቅ።

ሰባቱ ምልክቶች

1ኛ. መብራቱ ቦግ እልም ይላል። ወይም ምጣዱ ሲለኮስ አምፖሉ ይደክማል። መጀመሪያ ጎረቤትን እንጠይቅ። የመንደሩ መብራት ሁሉ ከደከመ ችግሩ የዋናው መስመር ነው። የኛ ብቻ ከሆነ ግን በቤታችን ውስጥ የላላ ወይም የቀጠነ ነገር አለ።

2ኛ. ሶኬቱ ወይም ስፒናው ይሞቃል። ጋግረን ስንጨርስ በመጀመሪያ ኃይሉን እናጥፋ። ከዚያ በደረቀ የእጃችን ጀርባ ወደ ስፒናው ጠጋ ብለን እንየው። ሙቀቱ እጅን የሚያሸሽ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው መጋጠሚያ ላልቷል።

3ኛ. የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፤ ሶኬቱ ዙሪያ ይጠቁራል። ይህን ያየ ሰው ለነገ አይበል። ሽታው የመጣው እሳቱ ስለጀመረ ነው።

4ኛ. ከሶኬቱ ወይም ከማብሪያው ጥዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ብልጭታም ይታያል። ደህና ሽቦ አይጮኽም።

5ኛ. ንዝረት። ምጣዱን ወይም የቆርቆሮውን ግድግዳ ስንነካ ነዘር ካደረገን፣ ይህ ከሁሉ የከፋ ምልክት ነው። አንዳንድ ሰው፣ «ኧረ ትንሽ ነዘረኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም» ይላል። ዛሬ ያተረፈው እግሩ ደረቅ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። ነገ በባዶ እግሩ፣ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ቢነካው ሊሞት ይችላል። በተለይ እናቶችና እኅቶች ሊጥ በነካው እጅ ነው የሚጋግሩት። እርጥብ እጅ ለኤሌክትሪክ የተከፈተ በር ነው። ስለዚህ የምጣዱ ሽቦ ሦስት መሆን አለበት። ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ የመሬት ሽቦ ይባላል። ምጣዱ ቢበላሽ ኃይሉን በሰው ገላ ሳይሆን ወደ መሬት ይወስደዋል። «ይህ ትርፍ ነው» ብሎ የሚቆርጠው ባለሙያ ቢመጣ፣ አይሆንም እንበለው።

6ኛ. ብሬከሩ እየደጋገመ ይወርዳል፤ ወይም ፊውዙ ይቃጠላል። ብሬከር የቤታችን ዘበኛ ነው። ሲወርድ፣ «አደጋ አለ!» ማለቱ ነው። ታዲያ አንዳንዱ ሰው በፊውዙ ቦታ ወፍራም ሽቦ ያስርበታል። መብራቱ ይመጣል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዘበኛውን አስሮ ሌባውን ማስገባት ማለት ነው።

7ኛ. ሁሉን አጥፍተንና ነቅለን ቆጣሪው መቁጠሩን አያቆምም። የሞላነው ሂሳብም ያለ ምክንያት ቶሎ ያልቃል። ይህ ኃይሉ በሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ወይም ሌላ ሰው ከመስመራችን እየተጠቀመ ነው ማለት ነው።

ከእነዚህም ሌላ ዐይናችንን ወደ ጣሪያው እናንሣ። አይጥ የላስቲኩን ልባስ ትበላለች። የቆርቆሮ ጠርዝ ሽቦን ይቆርጣል። ምስጥ የበላው ማገር ሲወድቅ ሽቦውን ይዞ ይወርዳል። በሣር ክዳን ወይም በቀርከሃ በተሠራ ቤት ውስጥ የተላጠ ሽቦ፣ በደረቅ ጭድ ላይ እንደተቀመጠ ፍም ነው። የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ሽቦውን ዳር እስከ ዳር መመልከት ጥሩ ልማድ ነው። መመልከት ግን በዐይን ብቻ ነው፤ በእጅ አይደለም።

ከጎረቤት የሚሳብ ሽቦ

በየመንደሩ የምናውቀው ነገር ነው። አንዱ ቆጣሪ አለው፤ ሌላው የለውም። ጎረምሳው ይመጣና፣ «እማማ፣ ከእርስዎ ቤት አንድ አምፖል ልቀጥል» ይላል። እሳቸውም፣ «ቀጥል ልጄ፣ ምን ችግር አለው» ይላሉ። ደግነት ነው፤ አንነቅፈውም። ግን ከአምፖሉ በኋላ ቴሌቪዥን ይመጣል። ከቴሌቪዥኑ በኋላ ምጣድ ይመጣል። ሽቦው ግን ያው የአምፖል ሽቦ ነው። በአጥር ላይ ተጋድሞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ዝናብ እየወረደበት ይኖራል። ሲነድ ደግሞ ሁለት ቤት ይነዳል።

ከሁሉ የሚሻለው የራስን ቆጣሪ ማስገባት ነው። ገንዘቡ እስኪሞላ ድረስ ግን ቢያንስ እነዚህን እንጠብቅ። በተቀጠለ መስመር ምጣድ አንለኩስ። ሽቦው በአጥር ላይ ሳይሆን ልጅና ከብት በማይደርሱበት ከፍታ ይሂድ። መስመሩን ባለሙያ ይዘርጋው፤ የራሱ ብሬከርም ይኑረው።

ምን እናድርግ?

ምልክት ስናይ ሥራው ሦስት ነው። አጥፋ፣ ራቅ፣ ጥራ። በመጀመሪያ በቆጣሪው በኩል ዋናውን ማጥፊያ እናጥፋ። ቀጥሎ ማንም እንዳይነካ ለቤተሰቡ ሁሉ እንንገር። ከዚያ ባለሙያ እንጥራ። ከቆጣሪው ወደ ቤት ውስጥ ያለው ሽቦ የባለቤቱ ነው፤ ሙያውን በሚያውቅ ኤሌክትሪሲያን እናሠራው። ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ በ905 ደውለን እናሳውቅ። ምሰሶ ላይ ራሳችን አንውጣ። ሽቦ ከምሰሶ ወድቆ ብናይ ቢያንስ 10 ሜትር እንራቅ፤ ልጆችንም እንከልክል።

እሳት ቢነሣስ? ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ውኃ አናፍስበት። ውኃው ኃይሉን ወደ እኛ ያመጣዋል። ዋናውን አጥፍተን ደረቅ አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር እንበትንበት። እሳቱ ከበረታ ሰው ይውጣ፤ ለዕቃ ብለን አንመለስ።

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጃችን አንጎትት። ሁለተኛ ሟች እንሆናለን። ቶሎ ዋናውን እናጥፋ። ማጥፋት ካልተቻለ፣ በደረቅ ሳንቃ ላይ ቆመን በደረቅ እንጨት የቤቱን ሽቦ ከሰውየው ገፋ እናድርገው። ሰውየው ካልተነፈሰ፣ ደረቱን መጫን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይጀምር። ተነሥቶ «ደህና ነኝ» ቢልም እንኳ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የልብ ጉዳት በውጭ አይታይምና።

«ገንዘብ የለኝም፣ ሌላ ጊዜ አሠራዋለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። ችግሩን እናውቃለን። ነገር ግን ማጥፋት ገንዘብ አይጠይቅም። ስፒና መንቀል ገንዘብ አይጠይቅም። ባለሙያ እስኪመጣ ለጥቂት ቀን በኩራዝ ማምሸት፣ ከነልጆቻችንና ከነእህላችን ከመቃጠል ይሻላል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

እንወያይ

ይህን ጽሑፍ ለቤተሰባችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ከዚያ በእነዚህ ላይ ተነጋገሩ።

1. የቤታችን ዋና ማጥፊያ የት ነው? ልጆቻችንስ ያውቁታል?

2. በምጣዳችን ስፒና ላይ ስንት የሚል ቁጥር ተጽፏል?

3. ከሰባቱ ምልክቶች በቤታችን የሚታይ አለ? ካለ ዛሬ ማንን እንጠራለን?