የእግዜር እንግዳ በአሮጌ መኪና

በፈረንጅ አገር፣ ይልቁንም በእንግሊዝ፣ የተለመደ ነገር ነው። ባልና ሚስት በአያቶቻቸው ዘመን የተሠራች መኪና ያድሱና «እኛ አህጉር እናቋርጣለን፤ እናንተ ደግሞ ለሆስፒታል ወይም ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ገንዘብ አዋጡ» ብለው ይነሣሉ። ወዳጅ ዘመዱም፣ ወሬውን የሰማ ባዳም የአቅሙን ይሰጣል።

ይህ ነገር በሻይ ቤት ሲነሣ ብዙዎቻችን እንስቃለን። «ለቤንዚን፣ ለጎማ፣ ለመርከብና ለጉምሩክ የሚከሰክሱትን ለምን በቀጥታ ለችግረኛው አይልኩትም?» ይባላል። ክርክሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ጉዞው ቢቀር ያ ገንዘብ ወደ ችግረኛው ይሄድ ነበር ያለው ማነው? ለሌላ ሽርሽር ይውል ነበር እንጂ! ደግሞም ሰው ኪሱን የሚፈታው ቁጥር ስለ ነገሩት ሳይሆን ልቡን የሚስብ ወሬ ሲሰማ ነው። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው ከአውሮፓ እስከ ሞንጎሊያ በትንንሽ መኪናዎች የሚደረግ ጉዞ እያንዳንዱን ቡድን ቢያንስ 1000 ፓውንድ ለበጎ አድራጎት እንዲሰበስብ ይጠይቅ ነበር። ለአንድ ሰው ሸክም የሆነ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ማለት ይኸው ነው።

እኔ ግን ጉዞውን የምደግፈው ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አሮጌ መኪና አንድ መልካም ጠባይ አላት፤ ትበላሻለች። በአውሮፕላን የሚመጣ ለጋሽ ቼኩን ፈርሞ ይመለሳል። በአሮጌ መኪና የሚመጣ ግን ራዲያተሩ ሲፈላበት ውሃ ይለምናል፤ ሲመሽበትም እንደ አገራችን መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በር ያንኳኳል። ሊሰጥ የወጣው ሰው ተቀባይ ይሆናል።

አርጀንቲናውያኑን ባልና ሚስት ኤርማንና ካንደላሪያ ዛፕን እንመልከት። እነርሱስ የወጡት ዓለምን ለማየት እንጂ ለምጽዋት ማሰባሰቢያ አልነበረም፤ ነገር ግን ትምህርቱ ለሁሉም ነው። በጥር 1992 ዓ.ም.፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 በተሠራች ግራሃም ፔጅ መኪና ከቦነስ አይረስ ሲነሡ በስድስት ወር አላስካ እንገባለን ብለው ነበር። ጉዟቸውን የፈጸሙት በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ነው፤ 22 ዓመት፣ 102 አገር፣ 362,000 ኪሎ ሜትር! በዚህ መካከል አራት ልጆች ወለዱ። ገንዘባቸው ሲያልቅ ሚስት ሥዕል ሣለች፣ ባል ፍሬም አበጀ፣ ሸጠው ቀጠሉ፤ መጽሐፍም ጽፈው ሸጡ። ከሁሉ ይልቅ ግን ያደረሳቸው የማያውቁት ሰው ቤትና ማዕድ ነው። እንዲህ ያለ መንገደኛ ወደ አገሩ ሲመለስ ስለ ሌላው ሕዝብ «ምስኪኖች» ብሎ ብቻ ሊናገር አይችልም።

ይህን አጥብቄ የምለው ኢትዮጵያዊ ስለ ሆንኩ ነው። በ1977ቱ ረኃብ የወገኖቻችን ሥዕል በዓለም ቴሌቪዥን ዞረ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በለንደንና በፊላደልፊያ ታላላቅ የሙዚቃ ትርዒቶች ተደርገው ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ። ለተራበ እጁን የዘረጋ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም የአገራችን ስም በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ከባዶ ሳህን ጋር ተጣብቆ ቀረ። ለምን ቢሉ፣ አብዛኛው ሰጪ ያየን በቴሌቪዥን መስኮት ነው፤ ቤታችን ገብቶ ቡና አልጠጣም።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ጉዞ ሊመሰገን የሚገባው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው። አንደኛ፣ መንገደኞቹ ወጪያቸውን ከራሳቸው ኪስ ይቻሉ። ሁለተኛ፣ የተሰበሰበው ሁሉ እስከ ሳንቲሙ በአደባባይ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ የሚሰበሰብለትን ሰው ደጅ ይርገጡ፤ ያቀረበላቸውንም ይቅመሱ።

ኅብረታችንስ? እኛ ለችግረኛ ገንዘብ ማሰባሰብ ባማረን ቁጥር የሚታየን የዳንስ ምሽት ነው። ትኬት ይሸጣል፣ ይጨፈራል፣ ቀሪው ይላካል፤ ስንት እንደ ተላከ ግን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አይታይም። ከሚቀጥለው ዕረፍት አንዱን ሳምንት ለምን ለጉዞ አናደርገውም? ትምህርት ቤቱ ለፈረሰበት አንድ ቀበሌ እየሰበሰብን እስከዚያው ድረስ እንሂድ፤ ከባለቤቶቹ ጋር እንደር፤ ስንመለስም ሒሳቡን ለሁሉ እናሳይ።

አሮጌ መኪና የለንም፤ እግር ግን አለን። የኅብረቱ መሪዎች ምን ይላሉ?

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ