ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ሪፖርት

ባለፈው በጋ ለቅሶ ልደርስ ወደ ተወለድሁባት የገጠር ወረዳ ወርጄ ነበር። ከተማ ተቀምጦ ስለ ትምህርት ጥራት መጻፍ ቀላል ነው፤ የአጎትን ልጅ ደብተር ገልጦ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅቱ አራተኛ ክፍል ናት። ደብተሯ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ከሰሌዳ የተገለበጠ ነውና ስሕተት አይገኝበትም። ከመጽሐፏ አንዲት አንቀጽ እንድታነብልኝ ብጠይቃት ግን ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠራች ከቃሉ ሳትደርስ ቀረች። አጎቴ አጠገባችን ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩምና ሊፈርዱ አልቻሉም። «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ፤ ይህች ልጅ ተምራለች ወይስ አልተማረችም?» አሉኝ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ጥያቄ ቀለል አድርገህ እንዳታልፈው። የጠየቁኝ ሰው አራት ዓመት ሙሉ ልጃቸውን ከከብት ጥበቃና ከውኃ መቅዳት ቀንሰው ትምህርት ቤት የላኩ ናቸው። ለመማሪያ ክፍል ማሠሪያ ገንዘብና እንጨት አዋጥተዋል፤ አጥር ሲታጠር ጉልበታቸውን ሰጥተዋል። ይህን ሁሉ ከከፈሉ በኋላ የከፈሉበትን ነገር ማግኘት አለማግኘታቸውን ለለቅሶ የመጣ እንግዳ ይጠይቃሉ። የሚነግራቸው ሌላ ሰው አልነበረማ።

በማግሥቱ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ላገኘው ሄድሁ። የልጅነት የትምህርት ጓደኛዬ ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ብጠይቀው የወሩን ሪፖርት ከመደርደሪያ አውጥቶ ሰጠኝ። ዐሥራ ስምንት ገጽ ነው። በየገጹ ሠንጠረዥ አለ፤ በየሠንጠረዡም «ዕቅድ»፣ «ክንውን»፣ «በመቶኛ» የሚሉ ዐምዶች ተሰልፈዋል። ጥቅል ተሳትፎ፣ ንጥር ተሳትፎ፣ መጠነ ማቋረጥ፣ የተማሪ መጽሐፍ ጥምርታ፣ የልማት ቡድኖች ስብሰባ ብዛት፣ ሁሉም በየረድፉ ተቀምጧል። «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ርእስ ሥር «የበጀት እጥረት» ተብሏል፤ «የተወሰዱ መፍትሔዎች» በሚለው ሥር ደግሞ «ውይይት ተካሂዷል»። ትምህርት ካቋረጡት ተማሪዎች አንጻር 7 የሚል ቁጥር ሰፍሯል፤ ምክንያቱ «ልዩ ልዩ» ነው።

ወዳጄ ግን ሰባቱንም በስም ያውቃቸዋል። ሦስቱ በኅዳር ለአጨዳ ወጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። አንዷ በጥር ተዳረች። ሁለቱ እኅትማማቾች ከተማ ቤት ሠራተኛ ሊሆኑ ተወሰዱ። አንዱ ታሞ ተኝቷል። «ይህን ለምን አልጻፍኸውም?» ብለው «ቅጹ ቦታ የለውም፤ ቦታ ቢኖረውም መልሱ ‹ለምን አላስቀረሃቸውም› የሚል ግሣጼ ነው» አለኝ። «ለወላጆችስ ምን ትነግራላችሁ?» ስለው ጥያቄው እንግዳ ሆነበት። «ወላጆችንማ እንጠራለን፤ መዋጮ ሲኖር» አለና ራሱ በተናገረው ሳቀ።

የዚህ ጽሑፍ ነገር እዚህ ላይ ነው። በገጠሩ ትምህርት ቤት ወርኃዊ ዜና አለ፤ ይጻፋል፤ ማኅተም ይመታበታል። ነገር ግን ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። ከርእሰ መምህሩ ወደ ጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር፣ ከሱፐርቫይዘሩ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ሚኒስቴሩ ይደርሳል። በእያንዳንዱ ደረጃ ይደመራል፤ በተደመረ ቁጥርም የልጆቹ ገጽታ ይጠፋል። በጥር የተዳረችው ልጅ ወረዳ ስትደርስ ከመቶ ውስጥ አንድ፣ ክልል ስትደርስ ከነጥብ በኋላ ያለች አኃዝ ትሆናለች። ሪፖርቱን ከሚያነቡት መካከል ሄዶ አባቷን ሊያናግር የሚችል አንድ ሰው የለም። ሊያናግሩት የሚችሉት ጎረቤቶቹ ደግሞ ሪፖርቱ አይደርሳቸውም።

በወረቀት ላይ ግን ወላጁ ባለቤት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አመራር ወደ ታች እንዲወርድና ኅብረተሰቡ እንዲሳተፍ ደንግጎ ነበር። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ወረዳዎች በጥቅል በጀት መተዳደር ሲጀምሩ የገጠሩ ትምህርት ቤት ጉዳይ ወደ ወረዳው እጅ ገባ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ለትምህርት ቤቶች ይላክ ጀመር፤ አጠቃቀሙንም የወላጆች፣ የመምህራንና የተማሪዎች ኅብረት፣ ማለትም ወመተህ፣ እንዲከታተል ተባለ። መልካም ነው። ይሁን እንጂ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ገባ፣ ምን ያህል ቀን ትምህርት እንደ ተሰጠ፣ ስንት ልጅ ማንበብ እንደ ቻለ የማይነገረው ባለቤት ምን ዓይነት ባለቤት ነው? መረጃ የሌለው ባለቤት ከተመልካች አይለይም። አዋጩ ሲባል ብቻ ባለቤትነቱ የሚታወስ ከሆነማ ባለቤት መባሉም ይቅርበት።

ይህ የአሠራር ጉድለት ምን እንዳስከፈለን አይተናል። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደ የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በዚያው ዘመን ወደ ላይ የሚሄዱት ሪፖርቶች የምዝገባ ቁጥር ማደጉን ያበሥሩ ነበር፤ ቁጥሩም በእርግጥ አድጎ ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። ወላጁ ዘንድ ግን የመጀመሪያውም ሁለተኛውም አልደረሰም። ልጆቹ ከክፍል ወደ ክፍል አለፉ፤ ፈተናውም በኩረጃና በተሰረቀ ወረቀት ይታለፍ ነበር።

ከዚያም የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጠ። በጥር 2015 ውጤቱ ሲገለጥ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት ያለፉት 3.2 በመቶ፣ አንድም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። የ2017 ዓ.ም. ፈተና 8.4 በመቶ ማሳለፉ እንደ መሻሻል ተቆጥሯል፤ መሻሻልም ነው። ነገር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የተደበቀ ነገር በመጨረሻው ቀን ቢነገር ለተማሪው ምን ይረባዋል? እነዚያ ከሺሕ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች በየወሩ ሪፖርት ይልኩ አልነበረምን?

ወርኃዊ ዜና ወደ ታች ሲላክ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከአህጉራችን ሰዎች ምሳሌ ላምጣ። ሪትቫ ራይኒካ እና ያኮብ ስቬንሶን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኡጋንዳ ባደረጉት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር መድቦ ከላከው ከደመወዝ ውጪ የሆነ ገንዘብ በአማካይ ትምህርት ቤት የደረሰው 13 በመቶ ብቻ እንደ ነበር አረጋገጡ። ቀሪው በመካከል በአውራጃ ሹማምንት እጅ ቀረ። የኡጋንዳ መንግሥት ወደ እያንዳንዱ አውራጃ በየወሩ የሚላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማሳተም ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በበራቸው ላይ እንዲለጥፉ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። በጊዜው ሌሎች የአስተዳደር ለውጦችም ስለ ነበሩ ሙሉ ምስጋናው ለጋዜጣው አይሰጥም። ቢሆንም ወላጁ «የዚህ ወር ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ ለመጠየቅ አስቀድሞ ገንዘብ መላኩን ማወቅ እንዳለበት የሚያከራክር አይመስለኝም።

በእኛም ሀገር ሕጉ አልጎደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት ሳይጠየቁ ጭምር መረጃ እንዲያሳትሙ ግዴታ ጥሎባቸው ነበር። የጎደለው ይህ ትእዛዝ ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በር ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ወረቀት መሆኑ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ የገጠር ትምህርት ቤት በየወሩ መጨረሻ ለወላጆች አንድ ገጽ ይጻፍ። በገጹ ላይ አምስት ነገሮች ይኑሩ። አንደኛ፣ ስንት ተማሪ ተመዝግቦ ስንቱ ይማራል፤ የቀሩትስ፣ ስማቸው ሳይጠራ፣ በምን ምክንያት ቀሩ። ሁለተኛ፣ በወሩ ውስጥ ስንት ቀን ትምህርት ተሰጠ፤ ስንት ክፍለ ጊዜስ ያለ መምህር አለፈ። ሦስተኛ፣ ስንት መጽሐፍ መጣ፤ ለስንት ልጅስ ደረሰ። አራተኛ፣ ከመንግሥትም ከመዋጮም ምን ያህል ገንዘብ ገባ፤ ለምንስ ወጣ። አምስተኛ፣ በየክፍሉ ስንት ልጅ አንዲት አጭር አንቀጽ አንብቦ ምን እንደምትል መናገር ቻለ። ይኸው ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ገበሬው አያነብም» ይባላል። የሚያነብለት አያጣም፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከመስጊድ ደጅ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በገበያ ቀን ሊነበብለት ይችላል። አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ቆሞ ቢያነበው ደግሞ ያ ንባብ ራሱ ሪፖርት ነው። «ርእሰ መምህሩ ሥራ ይበዛበታል» ይባላል። ዐሥራ ስምንት ገጽ ለሚጽፍ ሰው ዐሥራ ዘጠነኛዋ ገጽ አትከብደውም፤ ይልቅስ ከዐሥራ ስምንቱ ዐሥሩ ይቀነሱለት። «ወላጁ ቢያውቅስ ምን ያደርጋል?» ለሚለው ግን መልሱን አጎቴ ሰጥተውኛል። ልጃቸው ገና ማንበብ እንዳልቻለች ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «ቀድሞ ቢነግሩኝማ ኖሮ ክረምቱን ከየኔታ ዘንድ አውላት ነበር» አሉ። መፍትሔው ከቤታቸው ግማሽ ሰዓት በማይርቅ ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ሥር ተቀምጧል። የጠፋው ወሬው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ በይፋ የማይነገረው ነው። ርእሰ መምህሩም ሱፐርቫይዘሩም የወረዳው ኃላፊም የሚገመገሙት በዚያው በሚጽፉት ሪፖርት ነው። እውነተኛውን ቁጥር የጻፈ ትምህርት ቤት ደካማ ይባላል፤ ያሳመረው ይሸለማል። በዚህ ሥርዓት ሰው የሚጽፈው ለሚሾመው ነው፤ ልጁን ለላከለት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እኛ ግን በሽታውን የተናገረውን የምንቀጣ ሆነናል። ስለዚህ ወረዳዎች አንድ ነገር ቢወስኑ ብዙ ይስተካከላል፤ ማንም ርእሰ መምህር ዝቅተኛ ቁጥር ስለ ጻፈ አይቀጣ፤ ሐሰተኛ ቁጥር ስለ ጻፈ ግን ይጠየቅ። ቁጥሩ በበሩ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ሐሰቱን ለማወቅ ሱፐርቫይዘር አያስፈልግም፤ ልጆቹን በየቀኑ የሚያይ መንደር አለ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል፣ ከዚያ በፊትም በትግራይና በሌሎች አካባቢዎች፣ በጦርነትና በግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን አልዘነጋሁም። በር በተዘጋበት ስለ በር ማስታወቂያ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። እኔ ግን እንዲህ አላየውም። ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ቀን ወላጁን መልሶ የሚያመጣው አመኔታ ነው፤ አመኔታም እውነት በየወሩ ሲነገር የሚገነባ ነገር ነው።

በመጨረሻ ለእኛ ለከተሜዎቹ። ልጆቻችን በቦርሳቸው የመገናኛ ደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ወላጅ ማታውኑ በቴሌግራም ይነገረዋል። አንድ ሳምንት ዝም ቢሉን ስልክ እንደውላለን። ይህ መብት መስሎ የሚታየን ስለ ከፈልን ነው። አጎቴም ከፍለዋል፤ ካላቸው አንጻር ከእኛ ይልቅ አብዝተው ከፍለዋል። ብዙዎቻችን የወጣነው ከእንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ነው፤ በዓል ለማክበር ወይም ለቅሶ ለመድረስም እንመለሳለን። በሚቀጥለው ጊዜ ስንመለስ ወደ ድሮው ትምህርት ቤታችን ጎራ ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ «የዚህ ወር ነገር ለወላጆች የተነገረው የት ነው?» አልተነገረም ከተባለ ወረቀቱንና ማጣበቂያውን እኛ እንግዛ፤ ጽሑፉን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።